እመቃና ጭመቃ፤ የድረ ገጽ ምስል ቅርጸቶች ታሪክና የስያሜያቸው ጉዳይ

አንድን የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ከመመለስ አስቀድሞ ቃሉ የሚወክለው ነገር እንዴት እንደ ተፈጠረ፣ የትኛውን ችግር ለማቃለል እንደ ታሰበና ከአቻዎቹ በምን እንደሚለይ መመርመር እንደሚያስፈልግ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ይሁን እንጂ ይህ የታወቀ ደንብ ሥራ ላይ ሳይውል ከቀረባቸው መስኮች አንዱ በድረ ገጽ ላይ የሚቀርቡ ምስሎች የሚቀመጡባቸው ቅርጸቶች ጉዳይ ነው። በዚህ መስክ ሁለት ፍጹም የማይመሳሰሉ አሠራሮች በአንድ «መጭመቅ» በሚል ቃል ሲጠሩ፣ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ገጽ ላይ «ማመቅ» እየተባሉ ሲፈራረቁ ይታያል። ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላከራከረ ነበር። ነገር ግን የብራና መጽሐፍን ገጾች በካሜራ የሚያነሣ ሠራተኛ የሚመራበት ጽሑፍ ሁለቱን ሳይለይ ከሰጠው፣ የሚደርሰው ጥፋት ዳግመኛ የማይጠገን ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ለኮምፒዩተር ምስል ማለት በመስመርና በዐምድ የተደረደሩ ነጥቦች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃንን መጠን በሚያመለክቱ ሦስት ቁጥሮች ይገለጻል። በወርዱ 1000፣ በቁመቱም 1000 ነጥብ ያለው ምስል አንድ ሚሊዮን ነጥቦች ይኖሩታል፤ ይህም ሦስት ሚሊዮን ባይት፣ ማለትም 24 ሚሊዮን ቢት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በስልክ መስመር ላይ ከነበሩት ፈጣን መሣሪያዎች አንዱ በሰከንድ 28,800 ቢት ያስተላልፍ ስለ ነበር፣ ይህን አንድ ምስል ብቻ ለመቀበል 14 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ግድ ይል ነበር። ምስልን የማሳነስ ጥበብ በድረ ገጽ ዘመን ይህን ያህል ክብደት የተሰጠው ስለዚህ ነው።

ማሳነስ ግን በሁለት መንገድ ይደረጋል። እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ከየትኛውም መዝገበ ቃላት በፊት የያዘውን ልዩነት ማስተዋል ይጠቅማል። ጥጥ በጆንያ ሲታመቅ መጠኑ ያንሳል፤ ጆንያው ሲፈታ ግን ጥጡ አንድም ክር ሳይጎድል ተመልሶ ያብጣል። ሎሚ ሲጨመቅ ደግሞ ጭማቂው ወደ ብርጭቆ ይገባል፣ ልጣጩና ፍሬው ይጣላል፤ ከብርጭቆው ተነሥቶ ሎሚውን እንደ ነበረ ሊመልስ የሚችል ሰው የለም። አመቀና ጨመቀ በየዕለቱ ንግግራችን ውስጥ ሥራቸውን ተከፋፍለው የሚኖሩ ግሦች ናቸው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ግሥ ብቻ ስላለው፣ ልዩነቱን ለማሳየት «ኪሳራ ያለበት» እና «ኪሳራ የሌለበት» ወደሚሉ ቅጽሎች ለመሄድ ተገድዷል። እኛ ግን ያላስፈለገንን ቅጽል እየተረጎምን ያለንን ግሥ ስንደባልቅ ቆይተናል።

ከሁለቱ በታሪክ የሚቀድመው እመቃው ነው። በ1952 ዴቪድ ሃፍማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ሳለ የሠራውን አንድ ጥናት አሳተመ። የጥናቱም ፍሬ ነገር አዘውትረው ለሚመጡ ምልክቶች አጭር፣ አልፎ አልፎ ለሚመጡት ረጅም ኮድ መስጠት ነው። ሐሳቡ ለቴሌግራፍ ሠራተኞች እንግዳ አልነበረም፤ ሃፍማን ያስገኘው አዲስ ነገር እያንዳንዱ ምልክት በራሱ ኮድ ሲወከል ከሁሉ የሚያንሰውን ውጤት የሚሰጠውን የአከፋፈል ስልት ማሳየቱ ነበር። በ1977ና በ1978 ደግሞ አብርሃም ሌምፔልና ጃኮብ ዚቭ የተባሉ የእስራኤል ሊቃውንት ሌላ መንገድ ቀየሱ። በእነርሱ ስልት አንድ የምልክት ሰንሰለት ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ እንደገና አይጻፍም፤ «ከዚህ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ይህን ያህል ርዝመት ውሰድ» የሚል መጠቆሚያ ብቻ ይቀመጥለታል። የብራና መጻሕፍትን የሚያነቡ ባልደረቦቻችን ይህን አሠራር ከጸሐፍት እጅ ያውቁታል። በዳዊት ብራና ውስጥ በየስንኙ መጨረሻ የሚደጋገመውን ሐረግ ጸሐፊው በመጀመሪያ ሙሉውን ጽፎ ከዚያ በኋላ ጥቂት ፊደላቱን ብቻ ማስቀመጡ የተለመደ ነው። አንባቢው ሲያነብ ሐረጉን ሙሉ አድርጎ ያሰማል፤ የጠፋ ነገር የለም፤ ብራናውና ድካሙ ግን ተቆጥቧል። የድጓ ምልክቶችም ከዜማው ቃል በተወሰዱ ጥቂት ፊደላት ሙሉውን የዜማ ሐረግ የሚያስታውሱ መሆናቸው በዚሁ ወገን ሊታይ ይችላል፤ ልዩነቱ መጠቆሚያው የሚያመለክተው በገጹ ላይ ያለን ሳይሆን በባለ ዜማው ልቡና ያለን መሆኑ ነው።

የሌምፔልንና የዚቭን ስልት ቴሪ ዌልች አሻሽሎ በ1984 አሳተመው። ኮምፒዩሰርቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም በ1987 ለደንበኞቹ ባወጣው የምስል ቅርጸት ውስጥ ይህንኑ ተጠቀመ። ቅርጸቱ በአንድ ምስል ውስጥ ከ256 በላይ ቀለም ስለማይቀበል ለፎቶግራፍ አይመችም፤ ለሥዕላዊ መግለጫ፣ ለአርማና ለፊደል ግን ተስማሚ ነበር። በዚህ ረገድ አማርኛም ለቅርጸቱ ባለዕዳ ነው ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመካተቱ በፊት፣ አንባቢው ልዩ የፊደል ፋይል በኮምፒዩተሩ ላይ ሳይጭን አማርኛን በድረ ገጽ ለማሳየት ከነበሩት ዘዴዎች አንዱ ጽሑፉን እንደ ምስል ማቅረብ ነበር። ያ ጽሑፍ ለዓይን ይነበባል እንጂ አይፈለግም፣ አይገለበጥም፣ በመዝገበ ቃላት አሰናጅ እጅም እንደ ቃል አይቆጠርም።

በዲሴምበር 1994 የዌልች ስልት የፈጠራ ባለመብት የሆነው ዩኒሲስ፣ ከኮምፒዩሰርቭ ጋር በመስማማት፣ ቅርጸቱን የሚጠቀሙ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጆች ክፍያ እንዲፈጽሙ የሚያስገድድ መግለጫ ወጣ። ባለሙያዎቹ ተቆጡ። በጃንዋሪ 1995 ቶማስ ቡቴል የአዲስ ቅርጸት ረቂቅ አቀረበ፤ ብዙዎች ተሳትፈውበት በኦክቶበር 1996 የዓለም አቀፉ ድር ማኅበር ደንብ ሆኖ ጸደቀ። ይህ ፒ ኤን ጂ የምንለው ነው። ከክፍያ ነጻ ነበር፣ የቀለም ገደቡም ተነሥቷል፤ እያንዳንዱን መስመር ከጎኑና ከበላዩ ካሉት ነጥቦች በመነሣት ይገምትና ከግምቱ የተረፈውን ልዩነት ብቻ ያምቃል። የዩኒሲስ የአሜሪካ መብት በጁን 2003 ዘመኑ አበቃ፤ በዚያን ጊዜ ግን ተተኪው ሥር ሰዶ ነበር።

ስለ ፊተኛው ቅርጸት ስም አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አይገባም። ስሙ ከሦስት የላቲን ፊደላት የተሠራ ሲሆን የመጀመሪያው ፊደል በእንግሊዝኛ «ጀ»ም «ገ»ም ሊሆን ይችላል። የቅርጸቱ አባት ስቲቭ ዊልሂት «ጂፍ» መባል አለበት ብሎ እስከ መጨረሻው ተሟግቷል፤ በ2013 ሽልማት ሲቀበል እንኳ ያደረገው ንግግር ይኸው ብቻ ነበር። ብዙኃኑ ግን «ጊፍ» ማለቱን አልተወም። ቃሉን በ2012 የዓመቱ ቃል አድርገው የመረጡት የኦክስፎርድ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት አሰናጆች ሁለቱንም አነባበብ ተቀብለዋል። እንግሊዝኛ ይህን ክርክር ሳይፈታ መኖር የቻለው ጽሕፈቱ ስለሚሸሽግለት ነው። የእኛ ፊደል ግን መሸሸጊያ የለውም፤ «ጂፍ» ወይም «ጊፍ» ብሎ መጻፍ ግድ ነው፣ ሲጻፍም ተፈርዷል። በእኔ አስተያየት በመዝገበ ቃላት «ጂፍ» የሚለው ቢገባ ይሻላል፤ ይህንም የምለው የፈጣሪውን ቃል ለማክበር ሳይሆን፣ የአማርኛ ተናጋሪዎች ፊደላቱን በተናጠል ሲጠሩ «ጂ አይ ኤፍ» ስለሚሉ «ጂ»ው አስቀድሞ በጆሯቸው ስላለ ነው። በአንጻሩ የፒ ኤን ጂ ደንብ አውጪዎች «ፒንግ» ተብሎ እንዲነበብ ቢወስኑም ውሳኔያቸውን የተከተለ ጥቂት ነው፤ እኛም የምንከተልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ጭመቃው እንመለስ። ናስር አህመድ በ1940 በሕንድ አገር ባንጋሎር የተወለደ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በ1972 አንድን የሒሳብ ስልት ለማጥናት የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ጠየቀ። ጥያቄው ውድቅ ሆነ፤ እርሱ በኋላ እንደ ተረከው ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው ተብሎ ነበር። ያለ ድጋፉ ሥራውን ቀጠለና በ1974 ከናታራጃንና ከራኦ ጋር አሳተመው። በ1986 የተቋቋመው የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ጣምራ ቡድን ለደንቡ መሠረት ያደረገው ይህንኑ ስልት ነው። ደንቡ በ1992 ጸደቀ፤ ጄፔግ የሚለው ስምም የቅርጸቱ ሳይሆን የቡድኑ ስም ምሕፃር ነው። ተርጓሚዎች ይህን ቢያውቁ «የጄፔግ ኮሚቴ» የሚለው አባባል ለምን ግር እንደሚል ይገባቸው ነበር።

አሠራሩ ስለ ዓይናችን ድካም በተገኘ እውቀት ላይ የቆመ ነው። የሰው ዓይን የብርሃንን መጠን በረቂቁ ይለያል፤ የቀለምን ለውጥ ግን በዚያ ልክ አያጣራም። ስለዚህ ጄፔግ በመጀመሪያ ብርሃኑን ከቀለሙ ይለያል፤ በተለመደውም አሠራር ቀለሙን ለአራት ነጥቦች አንድ ብቻ አድርጎ ያስቀምጣል። ቀጥሎ ምስሉን ስምንት በስምንት በሆኑ ካሬዎች ይከፍልና የእያንዳንዱን ካሬ 64 ቁጥሮች በአህመድ ስልት ወደ ሌላ 64 ቁጥሮች ይመልሳቸዋል። እነዚህ አዲሶቹ ቁጥሮች በካሬው ውስጥ ያለው ለውጥ ምን ያህሉ ዝግተኛ፣ ምን ያህሉ ፈጣን እንደ ሆነ ይናገራሉ። እስከዚህ ድረስ ሊመለስ የማይችል ነገር ከቀለሙ በቀር የለም። ዋናው ጭመቃ የሚመጣው ቁጥሮቹ በሠንጠረዥ ላይ በተወሰኑ አካፋዮች ተካፍለው ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጉ ነው። ፈጣኑን ለውጥ የሚወክሉት አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ይሆናሉ፤ የተጣለውም ተጣለ። የቀረው በሃፍማን ኮድ ይታመቃል። ስለዚህ በአንድ የጄፔግ ፋይል ውስጥ ጭመቃም እመቃም በተከታታይ ይሠራሉ፤ ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ተርጓሚ ይህን ዐረፍተ ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው ማየት እፈልጋለሁ። ከዚህም ሌላ ፋይሉ ተከፍቶ፣ ጥቂት ተነካክቶ፣ እንደገና በጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር ምስሉ ዳግመኛ ይጨመቃል።

ለመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ይህ ሁሉ እምብዛም አያሳስብም። የፊደል ጠርዝ ግን ከነጭ ወደ ጥቁር በአንድ ጊዜ የሚዘል ፈጣን ለውጥ ነው፤ ጄፔግ አስቀድሞ የሚጥለውም ይህንኑ ነው። በአማርኛ ፊደል ላይ ደግሞ ጉዳቱ በመልክ አይወሰንም። «ሂዱ»ንና «ሄዱ»ን፣ ማለትም ትእዛዙንና ትረካውን፣ የሚለያቸው በእግሩ ላይ ያለው ቅጥያ ቀለበት መሆኑና አለመሆኑ ብቻ ነው። በትንንሽ ፊደል በተጻፈ ገጽ ላይ ቀለበቱ ከተሞላ ሣልስና ኃምስ ሳይሆን ግሡ ራሱ ሰዋስዋዊ መደቡን ይለውጣል። ከዚህ የከፋው የቀይ ቀለም ዕጣ ነው። በብራና መጻሕፍታችን የቅዱሳን ስሞች፣ አርእስትና የምዕራፍ መጀመሪያዎች በቀይ ይጻፋሉ። ጥቁሩ ፊደል ከብራናው የሚለየው በብርሃን መጠን ስለ ሆነ ጠርዙ በአብዛኛው ይተርፋል፤ ቀዩ ግን ከብራናው የሚለየው በከፊል በቀለሙ ነውና የቀለሙ ዝርዝር ወደ ሩብ ሲወርድ አብሮ ይደበዝዛል። እንግዲህ ጸሐፊው ከሌላው አልቆ እንዲታይ የጻፈው ስም ከሌላው ይልቅ ይደበዝዛል ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ ከማያስፈልግ አንድ ተቋም ለቃላት ጥናት የተሰጠኝ የብራና ቅጂ እንዲህ ያለ ነበር። የቀዩን ፊደል ዳር ሮዝ ጉም ከቦታል። ያልተጨመቀውን ቅጂ ብጠይቅ ቦታ ለመቆጠብ መሰረዙ ተነገረኝ። የሥራ መመሪያቸውን ስመለከተው «ምስሉ ተጨምቆ ይቀመጥ» ይላል፤ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ግን «ኪሳራ በሌለበት መንገድ» የሚል ቅጽል ነበረበት። ተርጓሚው ቅጽሉን እንደ ትርፍ ቃል ቆጥሮ ትቶታል።

በፊደል ላይ የሚደርሰው ጥፋት ሁልጊዜ ድብዝዝ ሆኖ እንደማይገለጥ በ2013 በጀርመን የታየው ነገር ይመሰክራል። ዴቪድ ክሪዝል የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ የዜሮክስ መሣሪያ ገልብጦ ያወጣቸው ሰነዶች ላይ ቁጥሮች ተለውጠው እንዳሉ አስተዋለ፤ 6 የነበረው 8 ሆኗል፤ የተለወጠውም ቁጥር እንደ ሌሎቹ ጥርት ብሎ ይነበባል። ምክንያቱ ጄቢግ 2 በተባለው የጭመቃ ስልት አሠራር ላይ የተገኘ ነው። ስልቱ በገጹ ላይ ያሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ ይለይና ተመሳሳይ መስለው የታዩትን በአንድ ወካይ ይተካቸዋል። ኩባንያው ማረሚያ ፕሮግራም አወጣ። ለቋንቋ ባለሙያ ይህ ስሕተት አዲስ አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን የአንድ ነገር ሁለት መልኮች አድርጎ መቁጠር ማለት ነው። በሞክሼ ፊደላት ላይ የሚካሄደውን የቆየ ክርክር የሚያስታውስም አለ። «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» በአንድ «ሰ» ቢጻፉ የፀሐይዋ መውጣትና የሌባው ሥራ በጽሕፈት አንድ ይሆናሉ፤ ፊደላቱ ይቀነሱ የሚለው ሐሳብ የቱንም ያህል ደጋፊ ቢኖረው በእኛ ስያሜ ጭመቃ እንጂ እመቃ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ይህን እዚህ ላይ እናቁመው።

ከ2010 ወዲህ የመጡትን ቅርጸቶች በአጭሩ እንመልከት። ጉግል ኦን2 የተባለውን ኩባንያ በ2010 ከገዛ በኋላ፣ የዚያን ኩባንያ የተንቀሳቃሽ ምስል ስልት መነሻ አድርጎ በዚያው ዓመት ዌብፒን አወጣ። የአንድ ቪዲዮ ነጠላ ምስል ሲጨመቅ ካሬው ከጎረቤቶቹ ተገምቶ የግምቱ ስሕተት ብቻ ይቀመጣል፤ ዌብፒም ይህን ነው የሚያደርገው። ጉግል እንዳስታወቀው በእኩል ጥራት ከጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ያንሳል። በ2012 ደግሞ የሚያምቅ ስልት ተጨመረበት። ይሁንና ፋየርፎክስ እስከ 2019፣ ሳፋሪ እስከ 2020 ድረስ አልተቀበሉትም። አፕል በ2017 በስልኮቹ ላይ ሌላ ቅርጸት አስገባ፤ እርሱም በመብት ክፍያ የተተበተበ ስለ ነበር በድረ ገጽ አልተስፋፋም። ይህንኑ ትብትብ ለማምለጥ በ2015 የተመሠረተው የክፍት ሚዲያ ኅብረት ያወጣው የቪዲዮ ስልት ለምስል ተስማምቶ በ2019 ኤቪፍ ተባለ። የጄፔግ ቡድን ራሱ ያዘጋጀው ጄፔግ ኤክስ ኤል ደግሞ አሮጌ የጄፔግ ፋይልን አንዲት ነጥብ ሳያጎድል 20 በመቶ ያህል ማመቅ መቻሉ የሚያስመሰግነው ነው። በ2022 ከጉግል ክሮም እንዲወጣ ተወሰነበት፤ በ2023 አፕል በሳፋሪ ውስጥ አስገባው። በስሙ ያለው «ኤል» ለረጅም ዘመን የሚቆይ ለማለት የተጨመረ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን የሸሚዝ ቁጥር ከመምሰል የሚያድነው የለም።

የእነዚህ አዳዲስ ቅርጸቶች መምጣት የስያሜውን ጉዳይ ይበልጥ አጣዳፊ አድርጎታል። ቀድሞ የፋይሉን ስም ማየት ይበቃ ነበር፤ ፒ ኤን ጂ ከሆነ ታምቋል፣ ጄፔግ ከሆነ ተጨምቋል። ዌብፒ፣ ኤቪፍና ጄፔግ ኤክስ ኤል ግን ሁለቱንም ያደርጋሉ። ስሙ አይናገርም፤ ዓይንም አያስጠነቅቅም፤ ጄፔግ ከልክ በላይ ሲጨመቅ ካሬዎቹ ገሃድ ይወጣሉ፣ ኤቪፍ ግን ሻካራውን ገጽ ለስላሳ አድርጎ ያሳልፈዋል፤ የብራናው ጠጉርና ጭረት ጠፍቶ ንጹሕ የሚመስል ገጽ ይቀራል። ስለዚህ ልዩነቱን ሊሸከም የሚችለው በመመሪያው ላይ የሚጻፈው ቃል ብቻ ነው።

ለአጠቃላዩ ጽንሰ ሐሳብ «ማሳነስ»፣ ኪሳራ ለሌለበት «እመቃ»፣ ኪሳራ ላለበት «ጭመቃ» እንዲባል ሐሳብ አቀርባለሁ። ቅጽሎቹን መፍጠር አያስፈልግም፤ አስቀድመው አሉ። «እምቅ ኃይል» እና «እምቅ ችሎታ» ስንል በውስጥ ተሰብስቦ ያለ፣ ጊዜው ሲደርስ ሙሉ ሆኖ የሚወጣ ነገር ማለታችን ነው። «ጭምቅ ሐሳብ» ስንል ደግሞ ከጽሑፉ ዋና ዋናው ተወስዶ ሌላው የቀረበትን ማለታችን ነው፤ ከጭምቅ ሐሳቡ ተነሥቶ ጽሑፉን ሊመልስ የሚነሣ አንባቢ የለም። እንግዲህ «እምቅ ምስል» እና «ጭምቅ ምስል» ማለት ይቻላል። ሁለቱ በድምፅ ስለሚቀራረቡ ያሳስታሉ የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እገምታለሁ፤ ጥንድ መሆናቸውን የሚያሳየው ይኸው መቀራረብ ነውና እንደ ጉድለት አላየውም። የሞተር መካኒኮች አየር ሲጠቀጠቅ «እመቃ» ማለታቸውም አይከለክልም፤ የመስክ ምልክት የሚደረገው ለዚህ ነው። በተገላቢጦሹ ለእምቅ ምስል «መፍታት» ይስማማል፤ ለጭምቅ ምስል ግን የሚፈታ ነገር ስለሌለ «መግለጥ» ቢባል ይሻላል።

በፕሮግራሞች ላይ ከአንድ እስከ መቶ በሚደርስ ቁጥር የሚሰጠውና «ጥራት» ተብሎ የሚተረጎመው ቃልም ሊታይ ይገባል። «ጥራት 80» የሚለውን የሚያነብ ሰው ከምስሉ 80 በመቶው ተጠብቋል ብሎ ይረዳል። ቁጥሩ ግን የመቶኛ ድርሻ አይደለም፤ የአካፋዮቹ ሠንጠረዥ ምን ያህል እንዲጠብቅ ወይም እንዲላላ የሚወስን ነው፤ የአንዱ ፕሮግራም 80 ከሌላው 80 ጋርም አይተካከልም። «የጭመቃ ልክ» የሚለው ይሻላል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ቁጥሩ ሲያድግ ጭመቃው የሚቀንስ ስለሚሆን ከስሙ ጋር ይጋጫል። «የጭመቃ ምሕረት» የሚል ሐሳብ አንድ ባልደረባዬ በፈገግታ አቅርቦልኛል። ቁጥሩ ሲጨምር ምሕረቱም ስለሚጨምር ከቁጥሩ አቅጣጫ ጋር ይስማማል፤ ለመዝገበ ቃላት የሚሆን መሆኑን አንባብያን ይፍረዱ።